ሳይርበኝ የበላሁባት ኢየሩሳሌም

ልጄ ኩሽና ገባችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እኔና እሷ ኢየሩሳሌም ልንሄድ ነው አለችኝ። ሐሙስን፣ ዓርብንና የቅዳሜን ሰንበት እዚያው ውለን፣ ሰንበት ሲወጣ እንመለሳለን። «ሶፍ ሻቩዓ አሩኽ» አለችው፤ ረጅም የዕረፍት ቀን ማለቷ ነው። ሆቴሉ ተይዟል። ጠረጴዛ ተይዟል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ዐይኔ በዕንባ ተሞልቶ ስልኩም ጠረጴዛውም አልታየኝም። ጠረጴዛውን ማን እንደያዘው ብጠይቃት ሳቀችብኝ።

ደግሞ ለምኑ ነው ስላት ስድሳ ዓመት ስለሞላሽ ነው አለች። ይኼ ሌላ ጉድ። የተወለድኩበትን ቀን እናቴም አታውቀውም፤ እሷ የምታውቀው ጤፍ የሚታጨድበት ሰሞን መሆኑን ብቻ ነበር። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ቀን እዚህ አገር የገባን ጊዜ አንዲት ጸሐፊ እያዛጋች ነው የጻፈችው። በዚያ ቀን የወለደችኝ እናቴ ሳትሆን እሷ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ይኸው ወረቀቱ ይዞኝ ስድሳ ገባሁ። ግን እስከ ዛሬ በዚህ ቤት ልደቴን ያከበረ ሰው የለም። ሃምሳ ሲሞላኝ የት ነበራችሁ? አርባ ሲሞላኝስ? ልጄ ይኼን ስላት ትከሻዋን ነቀነቀችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ልጄ ሃዳር ጋኒም በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይታ ለብቻዋ ትኖራለች፤ እኔና አባቷ ኤን ጋኒም ሰፈር አሮጌው ፎቅ ላይ ነን። በሌላ ጊዜ ከሰንበት ሰንበት ካልሆነ አናያትም። ያን ሰሞን ግን ከሥራ እንደወጣች በየቀኑ እየመጣች ታቅድ ጀመር። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች፤ ይኼስ የለመድነው ነው። ያልገባኝ ቋንቋው ሳይሆን ነገሩ ነበር።

ሐሙስ በባቡር እንሄዳለን፤ ምሳ ገበያ ውስጥ ነው። ግን ተቀምጠን አይደለም፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞርን ትንሽ ትንሽ እየቀመስን። እንዴ፣ ሰው እየዞረ የሚበላው ቤት ሲያጣ አይደለም ወይ? ማታ ደግሞ ምግብ ቤት አለ፤ እዚያ የምትበይውን አንቺ አትመርጪም፣ አብሳዩ ነው የሚመርጥልሽ አለችኝ። አንድ ዐይቼው የማላውቅ ሰውዬ ማታ ምን እንደምበላ ቁጭ ብሎ ይወስንልኛል። ዓርብ ጠዋት ሆቴሉ ቁርስ ያበላል፣ አይቡ ብቻ ጠረጴዛ ይሞላል። ከዚያ ቁርስ በኋላ ሌላ ቁርስ አለ። ለምን ብላት ሁለተኛው ዝነኛ ስለሆነ ነው አለች። ከዚያ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፤ በአንዱ በር ገብተን በሌላው እንወጣለን። የሰንበቱን ምሳ ከዓርቡ በር ጋር፣ የባቡሩን ሰዓት ከእራቱ ሰዓት ጋር እያምታታሁ ራሴ ዞረ። ከተማ ልናይ ነው ወይስ ከተማዋን ልንበላት ብዬ ጠየቅኳት። ሁለቱንም አለች፣ ፈገግ ብላ።

ከመቀጠሌ በፊት ግን ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ፣ አለዚያ የቀረው ነገር አይገባም።

ወንድሜ ጎንደር ነው የሚኖረው። እናታችን ስትታመምብን እኔ አዝዬ ያሳደግኩት ታናሼ ነው። እኛ ስንመጣ እሱ ቀረ፤ የመግቢያ ወረቀትህ ዛሬ ነገ ይደርሳል ሲሉት ጸጉሩ ሸበተ። ስንደዋወል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እታለም፣ ኢየሩሳሌም ደኅና ናት?» ይለኛል፣ የጎረቤት ደኅንነት እንደሚጠይቅ ሰው። ለእሱ ይኼ አገር በሙሉ ኢየሩሳሌም ነው፤ እኛ የምንኖርበት ፔታ ቲክቫ የሚባል ከተማ መኖሩን አላመነም። እኔም ደኅና ናት እለዋለሁ። ፋብሪካ ወለል ሳጥብ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ የሰው እናት እያስታመምኩ፣ ኢየሩሳሌምን የማያት በዓመት አንድ ቀን፣ ለእኛ ለቤተ እስራኤል የስግድ በዓል በአውቶቡስ ወስደው ሲመልሱን መሆኑን ምን ብዬ ልንገረው። ያን ሰሞን ስልኩ አይነሳም ነበር። እዚያ ጦርነት ስላለ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ የአሁኑ ግን ቆየብኝ። በየማለዳው እደውላለሁ፤ የምትመልስልኝ የተቀዳች ሴትዮ ናት። ባለቤቴ ኔትወርክ ነው ይለኛል። እኔም ኔትወርክ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በቅርብ ዘመዱ ላይ እንዲያው በስልክ ዱብ አይደረግበትም። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ቀን ይቆርጣሉ፤ እስከዚያ ቀን ሁሉም አፉን ይለጉማል። ዋናው ነገር ደግሞ ያ ሰው መብላቱ ነው። በባዶ ሆድ ማልቀስ አንጀት ይቆርጣል፣ ሰባቱን ቀን ከሥራ ቀርቶ ሐዘን የተቀመጠ ሰውም እህል በጉሮሮው አይወርድለትም። ስለዚህ በዋዜማው አንድ ሰበብ ይፈጠርና ይጠራል፣ በደንብ ይበላል፣ እንዲተኛ ይደረጋል። ጎኅ ሲቀድ ሰዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጡና በሩን ያንኳኳሉ።

እኔ ራሴ አብልቻለሁ። ከእኛ ፎቅ ሥር የሚኖረው ጎረቤታችን እናቱ ጎንደር ሞቱበት፤ ማብላቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ዶሮ ሠራሁና ልጄ ፈተና አለፈችልኝ ብዬ ጠራሁት። ሦስት ጊዜ ጨመርኩለት። ዛሬስ ምን ነካሽ እያለ፣ እየሳቀ በላ። በደንብ ብላ እንጂ እለዋለሁ፣ በደንብ ብላ፤ ከአፌ ሌላ ቃል አልወጣ አለኝ። በማግስቱ በሩን ሲከፍት ከፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ማንንም አልጠየቀም፣ እኔን አየኝና እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ።

ይኼን ሁሉ የምታውቅ ሴት፣ ልጇ በድንገት መጥታ ሦስት ቀን ሙሉ ላብላሽ ስትላት ምን ትበል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ምግብ ቤቶቹን በዐይነ ሕሊናዬ እየደረደርኩ ቁርሱም እራቱም መርዶ መርዶ ሸተተኝ። እነዚህ ልጆች እዚህ ያደጉ ናቸው፣ ለመርዶ አንድ ዶሮ እንደሚበቃ ማን ይንገራቸው፤ ከበዛ ይሻላል ብለው ይሆናል እላለሁ። ደግሞ መልሼ ራሴን እቆጣለሁ፤ ሟርተኛ፣ አፍሽ ይዘጋ እላለሁ። ማታ ማታ ልጄ የምግብ ፎቶ ስታሳየኝ ፎቶውን ትቼ ፊቷን አያለሁ። ከፊቷ ምንም አላነበብኩም፤ ይኼ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። ስለ ዓሣ እያወራችኝ ሳለ እጇን ያዝኩና «ልጄ፣ ማነው የሞተው?» አልኳት።

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ነበር። ከዚያ ዐይኔን ስታይ ደነገጠች። ስለ መርዶ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት፤ ስለ ዶሮው፣ ስለ ጎረቤታችን፣ በማለዳ ስለሚመጡት ሰዎች። ማንም አልሞተም ብላ ማለችልኝ፣ በእኔም በአባቷም ማለች። ግን እኮ ያ ጎረቤታችንም ቢጠይቀኝ ኖሮ እንዲሁ ነበር የምምልለት። ማንም አልሞተም የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። ይኼንንም ነገርኳት። ያን ጊዜ ተናደደች፤ የሌሎች ሰዎች ልጆች ለእናታቸው ሽርሽር ሲያዘጋጁ እናቶቹ አመስግነው ይሄዳሉ፣ የእኔ እናት ግን ሬሳ ትፈልጋለች ብላ በዕብራይስጥ ተናግራ ቦርሳዋን አነሳች። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ልብ ያልኩት። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትዋሽ አፍንጫዋን ታሻለች። ስኳር ሰርቃ አልሰረቅሁም ስትል አፍንጫዋን፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ ሄጃለሁ ስትል አፍንጫዋን። ያን ቀን እጇ ቦርሳዋ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜም ወደ ፊቷ አላነሳችውም። እውነቷን ነው። ወይ እኔ፣ ሽርሽርንና መርዶን መለየት ያቃተኝ አሮጊት። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ደወልኩላትና ይቅር በይኝ፣ እሄዳለሁ፣ እንዲያውም ማቀድ እፈልጋለሁ አልኳት። «በሰደር፣ ኢማ» አለች፤ እሺ እማ ማለቷ ነው፣ አኩርፋም ቢሆን።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ወንድሜን ኢየሩሳሌምን ላሳየው። ኔትወርኩ የመጣ ዕለት ደኅና ናት ብቻ ሳይሆን፣ ይኸውልህ እያት ልለው። ስለዚህ የልጄን ዕቅድ ገለባበጥኩት። ለስግድ የምንቆምበት፣ ከተማዋ ቁልጭ ብላ የምትታይበት ከፍታ አለ፤ መጀመሪያ እዚያ እንሂድ አልኳት። አይሆንም፣ ባቡሩ በዚያ አያልፍም አለች። እንግዲያው ዓርብ ይሁን፣ ግን ሰንበት ሳይገባ፤ ሰንበት ከገባ ስልክ አልነካም። ታዲያ ሁለተኛው ቁርስ ምን ይሁን አለች። ይቅር አልኳት። ዝነኛ ነው አለች። ስንጨቃጨቅ ቁርሱ ወደ ሐሙስ ሄደና እዚያም ቦታ አጥቶ ቀረ፣ የሐሙሱ ገበያ ወደ ዓርብ መጣ፣ የዚያ የማላውቀው አብሳይ እራት ብቻ ከቦታው አልነቃነቅም አለ። በመጨረሻ የትኛው ቀን የቱ ጋ እንደምንበላ እኔ ብቻ ሳልሆን እሷም ጠፋባት።

የገረመኝ ባለቤቴ ነው። ይኼ ሰው ከቤቱ ውጭ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ፋብሪካ በሠራበት ዘመን ሁሉ ምሳውን ከቤት እየቋጠረ ነው የኖረው፤ ሰው ያልታጠበ እጁን አስገብቶበት ይሆናል እያለ። አሁን ግን መነጽሩን አድርጎ ከልጄ ጎን ይቀመጥና የምግብ ቤቶቹን ፎቶ አንድ በአንድ ይመረምራል። ይኼኛው ትንሽ ነው የሚያቀርበው፣ ያኛው ይሻላል ይላል። ሾርባ ይኑረው፣ ሾርባ ትወዳለች ይላል። አንተስ ለምን አትመጣም ብለው ቤቱን ማን ይጠብቃል አለኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለን ቤት ማን ይወስደዋል? አንድ ማታ እኔ ከከፍታው ላይ ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ እልክለታለሁ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ያየዋል ስል መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ጠርጎ ጠርጎ አልጨርስ አለ። «ላኪለት» አለኝ። መነጽሩ የቆሸሸ መሰለኝ።

ረቡዕ ክፋር አቭራሃም ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እዚያ አንዲት አሮጊት አስታምማለሁ፤ አልብሳቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ እናዘግማለን። ሴት ልጃቸው ከሥራ ስትመጣ እኔ እወጣለሁ። ያን ቀን ልጅቷ ስትመጣ ሰኞ እንገናኝ፣ እሑድንም ለማረፍ ፈልጌ ነው አልኳት። የለም የለም፣ ሳምንቱን ሙሉ የምትተካሽ ሴት አግኝተናል፣ አትጨነቂ አለችኝ። ሳምንት ማን ጠየቀ አልኳት። ባለቤትሽ ደውሎ ነገረን አለችና፣ እዚያ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እጄን እንኳ ጨብጣኝ የማታውቀው ሴትዮ አቀፈችኝ። ደረቷ ላይ እንዳለሁ ልጠይቃት አሰብኩ። ግን አልጠየቅኳትም፣ ፈራሁ። አሮጊቷ ከወንበራቸው ሆነው ያዩኝ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ነገሩን ለማቃናት ሞከርኩ። ልደት ሦስት ቀን ነው፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰንበት። ታዲያ ሳምንቱን ምን ልሠራበት ነው? ባለቤቴ ተሳስቶ ይሆናል፣ ዕብራይስጡ ሁልጊዜም ይጠላለፍበታል። ወይም ልጄ ሌላ ሽርሽር ጨምራ ይሆናል። እኛ አይሁድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ ቀርተን ቤታችን የምንቀመጠው ለምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። እያወቅኩ እንዳላወቀ ሰው በመስኮት ሱቆቹን አያለሁ። መውረጃዬን አለፍኩት። ከቀጣዩ ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ።

ደረጃውን ስወጣ የዚያ ጎረቤታችን በር ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደሩ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው ቆመዋል። ከምኵራባችን የሚመጡ ነጭ ወንበሮች ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ፤ ስንቱ ሐዘን ቤት ተቀምጬባቸዋለሁ። እሱ አየኝና በሩን በትከሻው ከለል አደረገው። ሽርሽሩ ነገ ነው አይደል አለኝ። አዎ ነገ ነው አልኩት። ፊቴን አላየም፣ እግሬን ነው ያየው።

«በደንብ ብዪ» አለኝ። «እሺ? በደንብ ብዪ።»

ያኔ ቁርጡን አወቅኩ። ወንድሜ ሞቷል። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ጎረቤቴም ማወቄን ያወቀ ይመስለኛል፤ እኔ የጠራሁት ዕለት የበላው ዶሮ በሁለታችን መሐል ነበር። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ዝርዝሩን የሰማሁት በኋላ ነው። ወንድሜ ታሞ፣ መንገዱ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ነው ያረፈው። ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ የወጣ ዘመድ ለባለቤቴ የደወለለት ልጄ ሽርሽሩን ይዛ በመጣች በማግስቱ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲማከሩ ሽርሽሩ አይሰረዝ፣ ደስ ይበላት፣ ትብላ፣ እሑድ ማለዳ እናረዳታለን ተባባሉ። ልጄማ አፍንጫዋን የሚያሳሻት ነገር አታውቅም ነበር። ለእሷ አልተነገራትም። ለአንድ ሳምንት ያህል በአንድ ጠረጴዛ አንዷ ለልደት፣ አንዱ ለመርዶ፣ እኔ ለወንድሜ ስናቅድ ከርመናል።

ያን ረቡዕ ግን ይኼን ሁሉ አላውቅም። ደረጃው ላይ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጩህ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ሕንጻው በሙሉ ይስማኝ፣ የደበቃችሁኝ ሁሉ ስሙ ልል። ከላይ የልጄ ሳቅ ተሰማኝ። አባቷን አንድ ነገር ብላው ነው። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ከየት እንደመጣ እንጃ። እስኪያረዱኝ ድረስ ወንድሜ አልሞተም። ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በሬ ላይ እስኪቆም ድረስ ወንድሜ ጎንደር ነው ያለው፣ ስልኩ ነው የማይሠራው። ሦስት ቀን ልጨምርለት አልኩ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ ሦስት ቀን ቢጨመርለት ማንን ይጎዳል?

ፊቴን ታጥቤ ገባሁ። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ የሐሙሱን እራት እያነበበ ነበር፣ ሾርባ አለው አለኝ፣ ቀና ሳይል። ይህን ሰው አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። አንገቱን ይዤ እንዴት ትችላለህ፣ እንዴት ቻልክበት ልለው ፈለግኩ። ደግሞ አሳዘነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሁለታችንም እያወቅን ስለ ሾርባ አወራን። ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው ብዬ ልጄን ጠየቅኳት። ሁለተኛው ቁርስም ይመለስ፣ ዝነኛ ከሆነ ለምን ይቀርብናል አልኳት። ልጄ ዘላ አቀፈችኝ።

ኢየሩሳሌም ላይ የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ። ገበያው ውስጥ እየዞርኩ በላሁ፣ የማላውቀው አብሳይ የመረጠልኝን በላሁ፣ ሁለቱንም ቁርስ በላሁ። አንዱም ጣዕም አልነበረው፤ ዝነኛውም ቢሆን። የበላሁት ጥርስ ስላለኝ ነው። ልጄ እንዴት ነው ኢማ ትለኛለች፣ ግሩም ነው እላታለሁ። በደስታ ፎቶ ታነሳኛለች። አንዳንዴ እየበላሁ ድንገት ግራ እጋባለሁ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆን፣ ወንበሮቹ ለሌላ ሰው ይሆኑ፣ ባለቤቴ ሳምንቱን የጠየቀው ለእኔ አዝኖልኝ ይሆን እላለሁ። እንዲህ ሲሆን ጉርሻው ትንሽ ይጣፍጠኛል። ወዲያው የጎረቤቴ ድምፅ ይመጣና ይነጥቀኛል።

ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ወደዚያ ከፍታ ወጣን። ከተማዋ በሙሉ ከሥራችን ተዘረጋች፤ ግንቡ፣ ወርቃማው ጣሪያ፣ ድንጋዩ ሁሉ ወደ ማር ቀለም ሲለወጥ። በበዓል ቀን ሰው ሲጋፋ ያላየሁትን ያን ቀን አየሁት። ስልኬን አወጣሁ፣ ልጄ እጄን ደገፈችልኝ፣ ፎቶ አነሳሁ። ለወንድሜ ላክሁለት። «ይኸውልህ፣ ደኅና ናት» ብዬ ጻፍኩበት። ፎቶው ሥር አንዲት ምልክት ብቻ ታየች፤ ደርሶት ቢሆን ሁለት ትሆን ነበር። ልጄ አይዞሽ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ያየዋል አለችኝ። አዎ ያየዋል አልኳት። ዕንባዬን ስታይ ከከተማዋ ውበት የተነሳ መሰላትና እሷም አለቀሰች። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ደስ የሚል ልቅሶ ነበር ለእሷ። ሰንበት ሊገባ ሲል ስልኬን ዘጋሁት።

እሑድ ማለዳ፣ ሰው ሳይነቃ ተነሳሁ። ቤቴን ጠረግኩ፣ የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቅልዬ ወንበር የሚቀመጥበትን ቦታ አስለቀቅኩ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። የበሩን ቁልፍ ከውስጥ ከፈትኩትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። የእግር ኮቴ ከታች ሲሰማ ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጣ። መጀመሪያ ምንጣፉን አየ፣ ከዚያ ቀሚሴን፣ ከዚያ የተከፈተውን ቁልፍ። ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ሰዎቹ ደረጃው ላይ ቆመው ሲንሾካሾኩ ይሰማል፤ ማን ከፊት እንደሚቆም እየተባባሉ መሆን አለበት። እኔም አንድ ጊዜ እዚያ ቆሜ ተንሾካሹኬያለሁ።

ባለቤቴ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደና ወደ እኔ ዞረ።

«በልቻለሁ» አልኩት። «በደንብ በልቻለሁ። አስገባቸው።»